ከአስፋልት ዳር ለሚያዩን እጩ የቀረበ ምስጋና

የምርጫ ሰሞን ሲደርስ እንደ የካ አባዶ ላሉ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች የሚሰጠው ክብር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በሌላው ጊዜ የታክሲ ረዳት «እስከ አያት ብቻ!» እያለ መንገዱን ለሁለት ቆርጦ ሁለቴ የሚያስከፍልበት፣ የከተማው ባቡር እንኳ በ2008 ሥራ ሲጀምር አያት ደርሶ «ከዚህ ወዲያ ከተማ የለም» ያለ ይመስል የቆመበት አቅጣጫ፣ በምርጫ ሰሞን መስታወታቸው የጠቆረ መኪኖች ተከታትለው ይገቡበታል። የከተማው ምክር ቤት ካሉት 138 መቀመጫዎች ለአንዱ የሚወዳደሩ አንድ እጩ ሰሞኑን መጥተው ስለ ሰፈር እድሳትና ስለ ዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች መኖሪያ ያላቸውን አመለካከት ሲያብራሩ ሰምቼ እጅግ ስለረካሁ፣ ምስጋናዬን በጽሑፍ ማስፈር ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የፓርቲያቸውን ስም አልጠቅስም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ተፎካካሪዎቹን የሚለያያቸው የመወዳደሪያ ምልክታቸው ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን ማመስገን ሁሉንም ማመስገን ነው።

እጩአችን ሰፈር ታደሰ የሚባለው በመኪና ሲያልፉ ሲያምር ነው የሚል ጽኑ እምነት አላቸው። ይህን እምነታቸውን የምትጠራጠሩ ካላችሁ፣ እርሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ባለው ሳምንት በጥድፊያ የተቀባውን ከአስፋልቱ ዳር ያለ ብሎክ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ፊቱ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ሆኗል፤ የጎን ግድግዳው ግን የተቀባው እስከ ሁለተኛው መስኮት ድረስ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቀለሙ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በኋላ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ስመለከት፣ ከሚያልፍ መኪና ውስጥ ያለ ሰው አንገቱን አዙሮ ሊያይ የሚችለው በትክክል እስከ ሁለተኛው መስኮት ድረስ መሆኑን ተረዳሁና የሥራውን ጥንቃቄ አደነቅሁ። በዚያው ፊት ለፊት የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን በረንዳቸው ላይ ልብስ እንዳያሰጡ፣ ዲሹንም ወደ ኋላ እንዲያዞሩ ተነግሯቸዋል። ዲሹ ከኋላ በኩል ምስል አይስብም፤ ነገር ግን ሰፈሩ ራሱ ትርኢት ከሆነ በኋላ ቴሌቪዥን የሚያይ ነዋሪ ምን ይባላል?

ከኋላ ያሉት ብሎኮች ጉዳይ እጩአችንን አላስጨነቃቸውም፤ ሊያስጨንቃቸውም አይገባም። በሁለት ብሎኮች መካከል ያለው የፍሳሽ ማንሆል ክረምት ከበጋ ስለሚገነፍል ልጆች በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ነው የሚያልፉት። የስብሰባው አስተባባሪዎች ሌላ ሰፊ ቦታ ጠፍቶ ይሁን በጥበብ፣ ድንኳኑን የተከሉት በዚሁ ላይ ሲሆን፣ ማንሆሉን በጣውላ ከድነው፣ በጣውላው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ በምንጣፉ ላይ ቄጤማ ጎዝጉዘው የድምፅ ማጉያውን አቆሙበት። እጩአችን ስለ ንጹሕና ለኑሮ ምቹ አካባቢ ያሰሙትን ንግግር የፈጸሙት እዚያ ላይ ቆመው ነው። አንድ ሁለቴ አፍንጫቸውን በመሐረብ ቢነኩም፣ አንድም ቃል አልዘለሉም።

ንግግራቸው ከታሪክ ጀመረ፤ ይህም የሚመሰገን ነው። የቤት ችግራችንን ሥር ለማስረዳት ወደ 1967 ተመልሰው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አነሱ፤ ከዚያ ወዲህ በጥቂት ብር የሚከራየው የቀበሌ ቤት ጣሪያው ሲያፈስና ግድግዳው ሲዘም የሚጠግነው አካል አጥቶ እንዴት እንደ ተጎሳቆለ በሚገባ ገለጹ። የተናገሩት እውነት ነው። ከዚህም በላይ የተመቸን ነገር ቢኖር ተጠያቂዎቹ በሙሉ በስብሰባው ላይ ያልነበሩ መሆናቸው ነው። በታሪክ ላይ ያላቸው ትኩረት ጠንካራ ከመሆኑ የተነሣ፣ ከእነዚያ ቤቶች ውስጥ ስንቱ በሃምሳ ዓመት ውስጥ መጠገን ይችል እንደ ነበር የሚጠይቅ ሰው አልተገኘም።

ስለ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲናገሩ ደግሞ ትዕግሥትን እንደ አገር ሀብት አሞገሱልን። በ1997 የተመዘገበው ሕዝብ፣ በ2005 ደግሞ ነዋሪው በሚቆጥበውና ከባንክ በሚበደረው ድርሻ በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 ተከፋፍሎ እንደገና የተመዘገበው ሕዝብ፣ በእርሳቸው አገላለጽ የቁጠባ ባህልን ለአገራችን ያስተማረ ነው። እውነትም ሌላ የት አገር ነው አንድ አባት ባለ ሦስት መኝታ ቤት አገኛለሁ ብሎ በወር 685 ብር መቆጠብ ሲጀምር በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ስልክ ይዞ የአባቱን ስም ከእጣ ዝርዝር ውስጥ የሚፈልግለት? ቤቱ ባይገኝ እንኳ ፈላጊው አድጓል። የ40/60 ተመዝጋቢዎችም ቢሆኑ አርባውን ቆጥበው ስድሳውን ከባንክ እንደሚበደሩ ተነግሯቸው ሳለ፣ የመጀመሪያው እጣ በ2009 ሲወጣ መቶ በመቶውን የከፈሉት እንደሚቀድሙ ሲሰሙ፣ ሒሳብ ምን ያህል ረቂቅ ትምህርት እንደሆነ ተገንዝበዋል። የሐምሌ 2014ን ነገርማ እጩአችን ራሳቸው በኩራት ነው ያነሡት። ለ25,491 ቤቶች እጣ ከወጣ በኋላ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙና በተከታዩ ኅዳር እንደገና መውጣቱ፣ «የግልጽነታችን ማሳያ ነው» አሉ። በመጀመሪያው ዙር እልል ብሎ ጎረቤት ጠርቶ ቡና ያፈላው፣ በሁለተኛው ግን ስሙን ያጣው ሰው ይህን ግልጽነት በምን ቋንቋ እንደሚያመሰግነው አላውቅም፤ ቢያንስ አንድ ቀን ባለቤት ሆኖ አድሯል።

ወደ እድሳቱ ልመለስ፤ የእጩአችን አመለካከት ከሁሉም የሚያበራው እዚህ ላይ ነውና። በእርሳቸው እምነት የመሀል ከተማ ሰፈር የሚታደሰው ነዋሪው ከውስጡ ሲወጣለት ነው። ቀደም ሲል ልደታ፣ በ2016 የኮሪደር ልማት ሲጀመር የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ሲበተኑ፣ ለእርሳቸው የታያቸው «ከጭቃ ቤት ወደ ፎቅ የተደረገ ሽግግር» ነው። የቀበሌ ቤት ውል የነበረው ምትክ ሲያገኝ፣ በግለሰብ ግቢ ውስጥ በደባልነት ይኖር የነበረው ግን ዕቃውን አሸክሞ ራሱ መንገድ መፈለጉ፣ በንግግራቸው ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ ውል የሌለውን ሰው መቁጠር አስቸጋሪ መሆኑን ሁላችንም እንረዳለን። እኔ የማውቃቸው አንዲት ሴት ካዛንቺስ በር ላይ እንጀራ ሲሸጡ ደንበኞቻቸው የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። እዚህ በሰጧቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምጣዳቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ መብራቱ ሲኖር ይጋግራሉ፣ ደንበኛው ግን ካዛንቺስ ቀርቷል፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው በታክሲ ወስደው እንዳይሸጡ ደግሞ የታክሲው ሒሳብ የእንጀራውን ትርፍ ይበላዋል። እጩአችን ይህን ሲሰሙ ከልባቸው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ሰፈሩ ንጹሕ አየር ያለው መሆኑን አስታወሷቸው። እድራቸው መሀል ከተማ ለሚቀር ሁሉ የሚሆን መልስ ነው፤ ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው ቶሎ አይሞትም፣ ቀባሪም አያስፈልገውም።

ስለ ኪራይ የተናገሩት አጭር ስለሆነ እኔም አሳጥረዋለሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ስለ ወጣ ጉዳዩ ተዘግቷል ብለዋል። እጣ የደረሰው ሰው የባንኩን ዕዳ መክፈል አቅቶት ቤቱን አከራይቶ፣ እርሱ ራሱ ወደ ባሰ ቦታ ገብቶ መከራየቱን በተመለከተ ደግሞ፣ አንድ ቤት ሁለት ቤተሰብ መጥቀሙ የመርሐ ግብሩ ስኬት መሆኑን አስረድተውናል።

ይሁን እንጂ ምስጋናውን ሁሉ ለእርሳቸው ብቻ መስጠት ግፍ ይሆናል፤ እኛም ታዳሚዎቹ ድርሻ አለን። የእኛ ሰፈር ሰው በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሲነሣ፣ ጥያቄው የቧንቧ ጉዳይ ቢሆንም፣ አስቀድሞ መድረኩን ያመቻቹትን ሁሉ በየማዕረጋቸው ያመሰግናል፤ ስለ ተሠራው ቀለም ያመሰግናል፤ ዝናብ ስላልዘነበም ያመሰግናል፤ ወደ ቧንቧው ሲደርስ «ሰዓት ስለሌለን በአጭሩ» ይባላል። ከዚህ ልማድ የወጡት አንዲት አዛውንት ብቻ ነበሩ። «ልጄ፣ ቀለሙስ ደስ ይላል፤ ውሃው ግን አራተኛ ፎቅ አይወጣም። ጀሪካኑን ደረጃ ለደረጃ እያሳረፍኩ ነው የማወጣው» አሉ።

«እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሕንፃው ሲታደስ ውሃውም አብሮ ይታደሳል» አሉ እጩአችን፤ ጭብጨባውም ድንኳኑን አናወጠው። አዛውንቷም አጨበጨቡ፤ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ እያጨበጨቡ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ነውና። ሌላ አንድ ወጣት፣ ብንመርጥዎ እዚሁ ሰፈር ይኖራሉ ወይ ብሎ ሊጠይቅ ተነሥቶ ነበር። አስተባባሪው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ገለጸ፤ እጩአችን ግን በትሕትና፣ ሰፈሩን በቅርብ እንደሚከታተሉት፣ በየጊዜውም በዚህ አስፋልት እንደሚያልፉ ቃል ገቡ።

ከስብሰባው በኋላ ፎቶ ተነሡ። ከበስተኋላቸው ግራጫው ግድግዳ እንዲታይ ፎቶ አንሺው ሦስት አራት ጊዜ አቋቋማቸውን አስተካከለ፤ አዛውንቷን ከነጀሪካናቸው ጎናቸው ሊያቆም ፈልጎ ነበር፤ ቀለሙን ስለሸፈኑ ግን ወደ ጎን ፈቀቅ እንዲሉ ጠየቃቸው።

መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ደብተር አውጥቶ ስምና ስልክ ቁጥር መጻፍ ጀመረ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም። አንዳንዱ ለቤት ነው አለ፤ አንዳንዱ ለውሃ ነው አለ፤ በ1997 የተመዘገበ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ለምንም ይሁን ለምን ስም ማስመዝገብ አይጎዳም ብሎ ከፊት ቆመ። እኔም ከኋላው ተሰለፍሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ወረፋውን እንዳልነጥቀው እየተጠነቀቀ «ወንድም፣ አንተ ከእኔ በፊት ነበርህ?» አለኝ።