"ድራማ እኮ ነው፣ ምን ያካብዳሉ?"

ሂንዱዎች አማልክታቸው በፊልም ሲቀለድባቸው ሲቆጡ ይህቺን አባባል ስሰማ አንጀቴ ያርራል። እ.ኤ.አ. በ1987 የህንዱ መንግሥታዊ ጣቢያ ዱርዳርሻን የሂንዱውን አምላክ የራማን ታሪክ የሚተርከውን ራማያን የተባለ ተከታታይ ድራማ እሁድ ጠዋት ማሳየት ሲጀምር፣ ስንቱ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የአበባ ጉንጉን ሰቅሎና ዕጣን አጭሶ ነበር የሚያየው። ራማን ሆኖ የሚሠራውን አሩን ጎቪልን ሲያገኙት እግሩ ላይ የሚወድቁ ነበሩ። ተዋናይ መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም! ለእነሱ ማየቱ ራሱ ጸሎት ነው።

ታዲያ አንዱ የሆሊውድ ሰው ይነሳና ክሪሽናና ሀኑማን የተባሉትን የሂንዱ አማልክት ለጀግናው አጋዥ ገጸ ባሕርይ ያደርጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዚና የተባለችው ተዋጊ ልዕልት ተከታታይ ፊልም ያደረገው ይህንኑ ነው። ምእመናኑ ሲቃወሙ ክፍሉ ከስርጭት ወጣ፣ በኋላ ተቆራርጦ ተመለሰ። ቀድሞ አንድ ሂንዱ ቢጠይቁ ምን ነበረበት?

እ.ኤ.አ. በ2021 ታንዳቭ በተባለው የህንድ ተከታታይ ድራማ ላይ የተነሳው ጩኸት ግን አልተዋጠልኝም። በድራማው ውስጥ መድረክ ላይ የሂንዱውን አምላክ ሺቫን ሆኖ የሚጫወት ተማሪ ቀለደ ተብሎ ፖሊስ ጋ ክስ ይጎርፍ ጀመር። አዘጋጆቹ ይቅርታ ጠየቁ፣ ትዕይንቱንም ቆረጡት። መከፋት መብት ነው፣ ደራሲን በፖሊስ ማስጎተት ግን ምን የሚሉት አምልኮ ነው?

የእኛ ሰው ደግሞ ይብሳል። የሂንዱውን ቅሬታ "ጣዖት ነው፣ ተወው" ብሎ ይስቅና፣ ፊልም ላይ አንድ ቄስ ወይም ሼክ ትንሽ ሲቀለድበት ካላገድን ብሎ አገር ይያዝልኝ ይላል።