የጨረቃ ፊት ውዳሴ

እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ጎንደር ዛሬ በየደጃፉ ሐኪም አፍርታለች ብል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ከጥምቀት በፊት፣ የጥር ሠርግ ጥሪ በሚበተንበት ሰሞን፣ ጎረቤታችን አንዲት ወጣት ባገኙ ቁጥር «ምነው ከሳሽ?» ብለው ምርመራውን ያለ ሚዛንና ያለ ደም ናሙና ይጨርሳሉ፤ ሰላምታው ሳያልቅም «የእኔዋ ልጅ ኪኒን ወስዳ አይደል እንዲህ የሞላችው» ሲሉ ማዘዣው ተጻፈ ማለት ነው። ይህ «ከሳሽ» ሲጻፍ ከፍርድ ቤቱ ከሳሽ ጋር አንድ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ተከሳሿ ግን ጠበቃ የላትም።

ድሮ ሕክምና የታመመ ሰው ይፈልግ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር መጥቶ ቁስቋም ያከመው ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበር፤ ጤነኛን ማከም የሚባል ጥበብ እንዳለ ማን ይንገረው። ለዚህ ጥበብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1889 ከውሻና ከጊኒ ፒግ የወንድ ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ «ጉልበቴ ታደሰ» ሲል ለፓሪስ ምሁራን ያበሠረው የ72 ዓመቱ ሐኪም ብራውን-ሴካር ነው። ምስኪኑ በገዛ ገላው ላይ መሞከሩ ግን የዘመኑን ኋላ ቀርነት ያሳያል፤ እኛ የምንሞክረው በጎረቤት ልጅ ላይ ነው።

ከማወፈሪያ ኪኒኖቹ አንዱ ዴክሳሜታዞን የተባለው የሆርሞን መድኃኒት ነው። ዘመዱ ኮርቲሶን እ.ኤ.አ. በ1948 በመገጣጠሚያ በሽታ ለምትሠቃይ ሴት ተሰጥቶ ስላስደነቀ፣ ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ በ1950 ኖቤል ተሸለሙ። ሲበዛ ግን ፊትን ክብ እንደሚያደርግ ሐኪሞች አይተው «የጨረቃ ፊት» በማለት ከጉዳቶቹ ዝርዝር አስገቡት። ጨረቃ መምሰል ሙገሳ መሆኑን የማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይላል? ስኳር እንደሚጨምር፣ አጥንት እንደሚያሳሳም ይጽፋሉ፤ አጥንት ግን በሠርግ ፎቶ ላይ አይታይም። ይህን መሰል ሆርሞን የምትሠራው፣ ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ደግሞ ሥራዋን ሌላ ሲሠራላት አይታ ዕረፍት ትወጣለች፤ ኪኒኑ በድንገት ቢቋረጥ ወዲያው አትመለስም።

መድኃኒት ቤቱም ይመስገን። ሻጩ ከትልቁ የፕላስቲክ ዕቃ ነጫጭ ኪኒኖች ቆጥሮ በወረቀት ሲጠቀልል ማዘዣ አልጠየቀም፤ «ለማን ነው?» አለማለቱም ጨዋነት ነው። «ልጅቷ ፈቅዳ ነው ወይ?» የሚል ነገረኛ አይጠፋም። አዎን፣ ፈቅዳ ነው፤ በቀን ሦስቴ ከሳሽ ከማለት በቀር እጇን የጠመዘዘ የለም።

የእህቴ ልጅ በሠርጓ ዕለት እውነትም ጨረቃ መሰለች፣ ኪኒኑንም በማግስቱ ጣለች። በሳምንቱ ከአልጋ መነሣት አቅቷት ሆስፒታል ስትተኛ ጎረቤታችን ብርቱካን ቋጥረው ሊጠይቋት መጡና ገና በሩ ላይ ቆመው፦

«ውይ ልጄን፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?»