ዝም ያለ ሁሉ አያስፈራም

ስለ አደንዛዥ ዕፅ ንግድ የሚተርከውን ተከታታይ ፊልም የብሬኪንግ ባድን ክፉዎች በደረጃ የደረደረ ዝርዝር ሰሞኑን ሲዘዋወር ሰንብቷል። መንትዮቹን ሊዮኔልና ማርኮ ሳላማንካን አንደኛ አድርጎ፣ አጎታቸውን ሄክተርን ዘጠነኛ ላይ ጥሎታል። የተሰጠው ምክንያት ከደረጃው ይብሳል፦ መንትዮቹ ስለማይናገሩ ያስፈራሉ፣ ሄክተር ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ደወል የሚመታ በሽተኛ ነው። ይህን የጻፈ ሰው ተከታታይ ፊልሙን አይቶት ይሆናል፤ አልተመለከተውም።

ዝምታ ወርቅ የሚሆነው ከጀርባው የተያዘ ነገር ሲኖር ነው። መንትዮቹ ምን ይዘዋል? በ3ኛው ምዕራፍ የዋና ገጸ ባሕርዩን፣ ዕፅ አምራች የሆነውን የኬሚስትሪ መምህር የዋልተር ዋይትን ስም እንዴት እንዳገኙ አስታውሱ። መጦሪያው ድረስ ሄደው የፊደል ሰሌዳ ዘረጉ፤ ስሙን በደወሉ ፊደል በፊደል ያስለቀማቸው ያው «በሽተኛ» ነው። ዋልተር ገላውን ሲታጠብ አልጋው ላይ መጥረቢያቸውን ይዘው ተቀምጠው ሳለ ከዕፅ ነጋዴው ከጋስ ፍሪንግ በኩል አንዲት ቃል በስልክ ደረሰቻቸው፤ ተነሥተው ወጡ። ቆይቶ ጋስ የአጎታቸውን ልጅ ቱኮን የገደለው የዕፅ ተቆጣጣሪው ፖሊስ ሃንክ እንደሆነ ሲነግራቸው ወደ ሃንክ ዞሩ። አንዱ ይልካቸዋል፣ ሌላው ያስቆማቸዋል፣ መልሶም ወደሌላ ሰው ይመራቸዋል። ከራሳቸው የመነጨ አንድ ውሳኔ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ገደላቸው።

የመኪና ማቆሚያውን ትዕይንት ማለቴ ነው። ሃንክ ከሥራ ታግዶ ሽጉጡን አስረክቧል። እነሱ ሁለት ናቸው፣ ታጥቀዋል፣ ጥይት መከላከያ ለብሰዋል። ሃንክ ያለው ከማያውቀው ደዋይ የተሰጠው የ1 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ሊዮኔል በሁለት መኪኖች መካከል ተጨፍልቆ እግሮቹን አጣ። ማርኮ ግን የቆሰለውን ሃንክ መሬት ላይ አግኝቶ ሽጉጥ ደቅኖበታል፤ የቀረው ምላጩን መሳብ ነው። ይህ በጣም ቀላል ነው ብሎ መጥረቢያ ሊያመጣ ሄደ! እሱ ሲመላለስ ሃንክ ከእነሱ የወደቀችውን አንዲት ጥይት አንሥቶ አጎረሰና ራሱን መታው። ያቺን ጥይት ደግሞ የጦር መሣሪያ ሻጩ በስጦታ የሰጣቸው ነበረች። መጥረቢያው የመጣው ሥራው ስለጠየቀው አልነበረም፤ ለካሜራ ስለሚያምር ነው። መንትዮቹ እንዳሉ ይኸው ናቸው፦ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ አንድ ዓይነት ሙሉ ልብስ፣ ቀስ ያለ እርምጃ። ፎቶግራፍ አያስፈራም።

አሁን ወደ ደወሉ። በ2ኛው ምዕራፍ ዋልተር በቱኮ ምግብ ላይ ሪሲን የተባለ መርዝ ሲጨምር ከቤቱ ሰው ሁሉ ያየው ሄክተር ብቻ ነው። መናገር አይችልም፤ ሳህኑን መሬት ላይ ደፋው። ቱኮ ጥያቄውን እያጠበበ ሲጠይቀው በደወሉ እየመለሰ እውነቱን አወጣው። በአንድ ጣት ክስ መሥርቶ፣ ምስክር ሆኖ፣ አስፈረደ።

በሚቀጥለው ክፍል ያው ሰው ፖሊስ ፊት ተቀመጠ። የዋልተር የሥራ ባልደረባ ጄሲ ቱኮ ቤት እንደነበረ ያውቃል፤ ይጠላዋልም። አንዴ ደወሉን ቢመታ ጄሲ አለቀለት። አልመታም። ጥያቄውን ሁሉ ካስጠበቃቸው በኋላ መልሱን በተቀመጠበት ተጸዳድቶ ሰጠ። ጠላቱን ለፖሊስ ከመስጠት የራሱን ክብር መጣል መረጠ። ወርቅ የሆነው ዝምታ ይህ ነው፤ ሊናገር እየቻለ ዝም ብሏልና። ዝምታን ለመንትዮቹ ነጥብ አድርጎ የሰጠው ሰው ይህን ክፍል የት አደረገው?

የደወሉ አሠራር ራሱ ትዕግሥት ይፈትናል። ነርሷ ፊደሎች በረድፍ የተጻፉበትን ሰሌዳ ይዛ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። ደወሉ ሲጮህ ረድፉ ተለየ፤ ከዚያ በረድፉ ውስጥ ፊደል በፊደል ትሄዳለች፤ ዳግመኛ ሲጮህ ፊደሉ ተያዘ። ለአንድ ፊደል ሁለት ምት፣ ከአንድ ፊደል ወደ ሌላው ረጅም ጥበቃ። በ4ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሄክተር ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተወስዶ ሃንክን በዚህ መንገድ ቁጭ አድርጎ ፊደል ሲያስለቅመው ከረመ፤ የወጣው ስድብ ነው። ብዙዎች ሳቁበትና አለፉት። ስድቡ ግን ዋናው ነገር አልነበረም። የተፈለገው የጋስ ሰዎች ሄክተር ወደዚያ ሕንፃ ሲገባ እንዲያዩና ለፖሊስ አወራ ብለው እንዲጠረጥሩት ነው። አዩ።

ጋስ በዚያው ሰሞን ፈንጂ የተጠመደባትን መኪናውን ከሩቅ አይቶ፣ አንድ ነገር ሸትቶት ሳይጠጋት የተመለሰ ሰው ነው። ያን ጠንቃቃ ከዋሻው አውጥቶ፣ ሄክተርን ሊገድልበት መርፌ አስይዞ ራሱን ወደ መጦሪያው ያመጣው ማን ነው? በሄክተር ወንበር ላይ የተጠመደውና በደወሉ የሚፈነዳው ፈንጂ የዋልተር መሆኑን አልክድም። ማጥመጃው ግን ሄክተር ነው፤ ሌላ ማንም ሰው ጋስን በገዛ እግሩ ወደዚያ ክፍል ሊያስገባው አይችልም ነበር።

ከብሬኪንግ ባድ በፊት ያለውን ታሪክ የሚተርከው ተከታታይ ፊልም ቤተር ኮል ሶል ይህን አክፍቶታል፤ አክፍቶታል ስል አሳምሮታል ማለቴ ነው። ሄክተር በስትሮክ ሲወድቅ የልብ እሽት አድርጎ ያተረፈው ጋስ ነው። ከጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ያስመጣለትም ጋስ ነው። በኋላ የሽማግሌው አእምሮ ሙሉ መሆኑን በቪዲዮ ሲያረጋግጥ ሕክምናውን አስቆመ፤ ነቅቶ፣ ሁሉን እየሰማ፣ በማይታዘዝ ሰውነት ውስጥ እንዲቀር። የፈረደበት ቅጣት አንድ ጣት ያስተረፈ ቅጣት ነበር። ጋስ ኋላ የሞተው በዚያች ጣት ነው። በዚህ ዘውግ ከዚህ የጠበቀ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት አላየሁም።

ጋስ ሁለተኛ ይሁን፤ ክርክር የለኝም። ላሎ ተወዳጅ ነው፤ ደወሉንም ለአጎቱ ያመጣው እሱ ነው፣ ሦስተኛ ይግባ። የወንበዴ ቡድን መሪው ጃክ ዌልከር 10 ሰው በ3 እስር ቤት በ2 ደቂቃ ያስገደለ ቢሆንም ከቁጥሩ ሌላ የሚታወስ ነገር ስለሌለው ወደ ታች ይውረድ። መንትዮቹ ከእሱም በታች ናቸው።

ሄክተርን በሽተኛ ብቻ አድርገው ላዩት አንድ ነገር ልጨምር። ጋስ መጦሪያው በመጣ ቁጥር የቤተሰቡን ሞት አንድ በአንድ እየነገረው እንዲያየው ይጠይቀው ነበር፤ ሄክተር ፊቱን አያዞርለትም። በመጨረሻው ቀንም አጎንብሶ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ጋስን ዓይን ለዓይን አየው፤ ጣቱም ደወሉን ደጋግማ መታች።