ከከንፈር የማያልፍ «ተመስገን»

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፤ ራሴንም ጨምሬ።

ጠዋት ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቆም ብላችሁ አድምጡ። «እንዴት አደርክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ቤት ደህና?» «ይመስገን።» «ከብቱስ?» «ተመስገን።» ለልጆቹ የሚተርፈው ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው። ጠያቂው መልሱን አልሰማም፣ መላሹም ያለውን አያውቀውም። ትናንት እኮ በሬው ሞቶበታል! የክርስቲያኑን ብቻ ነቀፈ እንዳትሉኝ፣ ቆላ ወርዳችሁ ገበያ ላይ ዓይን ከሚዛኑ ሳይነቀል የሚባለውን «አልሐምዱሊላህ» ስሙት። አበባ ሥዕል ላይ «ተመስገን» የተጻፈበትን በቴሌግራም በአንድ ጣት ለአርባ ሰው ስለምትልኩት ምንም አልልም።

ክረምት ላይ፣ ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ በአውቶቡስ ጣርማ በርን አልፋችሁ ታውቃላችሁ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መኪናው ጣሊያን የበሳው ዋሻ ውስጥ ሲገባ ወሬ ይቆማል። በወዲያኛው አፍ ሲወጣና ቁልቁለቱ ወደ ደብረ ሲና ሲጀምር፣ መንገዱ አዲስ የሆነባቸው አንዲት እናት ደረታቸውን ዳብሰው «ተመስገን አምላኬ፣ የዚህን ልጅ ዓይን አበራህለት» ሲሉ ሰማሁ። ሾፌሩን ነው። ረዳቱ ግን ብሩን እየቆጠረ ነበር። ገደሉ ለሁለቱም ያው ገደል ነው። ረዳቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መንገዱን ለምዶት ነው። እኛም እንጀራውን፣ ልጁን፣ የማለዳዋን ፀሐይ እንደ ረዳቱ ለምደናቸዋል። ያውም ኅዳርና ታኅሣሥ በውርጭ እየተቆራመድን ፀሐይን መልመዳችን!

እኔ ይህን መልመድ ላሸንፍ ብዬ አምና ደብተር ገዛሁ፤ በየምሽቱ ሦስት ነገር ጽፌ ላመሰግን። የመጀመሪያው ሳምንት እንኳ ደህና ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ኋላ ገልጬ ባይ «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሰላም» ይላል። በማግስቱም «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሰላም»። አስተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ጻፍ ብሎ የቀጣው ተማሪ መስያለሁ። አንዱን ምሽትማ «ሰላም» ብዬ የጻፍኩት ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈን፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኝታ ነው።

ሶንያ ሊዩቦሚርስኪ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው ጽሑፍ ስለዚህ ጉዳይ ያነሳል። ተማሪዎች ለ6 ሳምንት የሚያመሰግኑበትን ነገር እንዲቆጥሩ ተደረገ። በሳምንት አንዴ የቆጠሩት ደስታቸው ሲጨምር፣ በሳምንት ሦስቴ የቆጠሩት ግን አልጨመረላቸውም። ይህን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር፤ መንዝ ይበቃን ነበር። መንዞች ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር መሬታቸውን ቀሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው ያቆዩት ነበር። ተከፍቶ ማጭድ ሲገባበት ለቤት ክዳኑም ለገመዱም የሚሆን ሣር ይገኛል። በየቀኑ የተጋጠ ሜዳ ግን ምን እንደሚመስል የየሰፈራችሁን መስክ ወጥታችሁ እዩት።

በየቀኑ አታመስግኑ ማለቴ አይደለም። አባቶችም በየቀኑ ያመሰግኑ ነበር፤ ግን ያውቁበታል። ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሑድ ለየዕለቱ የተከፈለ ነው፣ ዳዊቱም እንዲሁ። የሰኞው ለማክሰኞ አይደርስም። ሰባቱን ቀን በአንዲት ቃል የጠቀለልነው እኛ ነን።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ሁለት ልጅ ያንጠለጠለች ሴት ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ተጠግታ ነበር። ወደ አገሯ ስትመለስ ሁላችንም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትወጣለች ብለን ቆመናል። እሷ የእናቴን ጉልበት ይዛ «እማማ፣ ትንሹ ልጄ ሌሊት ሲያስል ተነሥተው ያለበሱትን ባና አልረሳውም። እርስዎ በነጠላ እንዳደሩ አይቻለሁ» አለች። እናቴ ምርቃትም ምስጋናም ሲዘንብላት «ተዉ፣ ምን አደረግሁ» ብላ የምታልፍ ሴት ናት። ያን ቀን አለቀሰች። ባናውን እኛ ልጆቿ እንኳ አላወቅንም ነበር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስታመሰግኑ ባናውን ጥሩት። ሌሊቱን ጥሩት፣ ሰውየውን በስሙ ጥሩት። ለእግዜርም ቢሆን «ስለ ሁሉም ነገር» ብላችሁ አትጨርሱ፤ አንዱን ነገር ለይታችሁ ንገሩት። የምትለዩት ካጣችሁ ዛሬ ዝም በሉ፤ ነገ ትደርሱበታላችሁ።

ደግሞ ይህን ተዉ! ባቄላውን ውርጭ የመታበት ሰው አፉን ሲከፍት «ተመስገን በል፣ የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ» ብላችሁ አፉን አትዝጉበት። መጀመሪያ ስንት ጥማድ እንደተመታበት ጠይቁት። ያዘነ ሰው ላይ የሚጫን ምስጋና እንደ ድንጋይ ነው፤ ራሱ ሲደርስበት ይለዋል።

ከደብተሬ ውስጥ ከሦስቱ ቃል ያመለጠች አንዲት ምሽት ነበረች። «ሌሊት ስምንት ሰዓት ጎረቤቴ በሩን ደበደበች፤ ውሃ መጥቷል ብላ» ይላል። ሰፈራችን ቧንቧው ስንት ቀን ደርቆ ነበር። የራሷን ሞልታ መተኛት ስትችል በብርድ ግቢ አቋርጣ መጣች፤ ሁለት ጀሪካን ሞላሁ። ጽፌው ተኛሁ፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ለደብተር ተናግሮ ለሰው መዝጋት! ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ላይ ይዣት «እትዬ፣ ያን ሌሊት ስለ ውሃው የቀሰቀሱኝ፣ ውለታዎን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም» አልኳት።

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ አየችኝ። «ውይ፣ እሱን ደግሞ ይዘኸው ኖሯል!» አለች። ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «ካነሳኸው አይቀር፣ አንደኛው ጀሪካን እኮ የእኔ ነበር።»