ዘይቱ ሲረጋ የሚነግረን ነገር አለ

ሐምሌ ላይ በጠዋት የዘይት ጀሪካን አንስታችሁ ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ባለ 5 ሊትሩ ከታች ነጭ ሆኖ ረግቷል። ላዩ ላይ ትንሽ ቢጫ ፈሳሽ ቀርቷል። እናቴ ፀሐይ ካለ በረንዳ ላይ ታወጣዋለች፤ ከሌለ ሙቅ ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ምሳ ተበልቶ ሳህን ሲታጠብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም። እንደ ሻማ ጣት ላይ ይጋገራል።

ይህ የፓልም ዘይት ነው። ለዓመታት በድጎማ እየገባ፣ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ተሰልፈን ስንወስደው ኖረናል። ብዙ ሰው ያደገው በእሱ ነው። ስለዚህ ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ሰው የሚገዛው አቅሙ የፈቀደለትን ነው። ግን ጤናማ ዘይት የቱ ነው እየተባለ ሲወራ፣ ብዙ ጊዜ የምንከራከረው በማይጠቅመው ነገር ላይ ነው። ይህ ያሳስበኛል።

ለምሳሌ «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለውን ጽሑፍ እንይ። ጀሪካኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ አንዳንዴም የልብ ሥዕል ይጨመርበታል። ውሸት አይደለም። ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ውስጥ ነው። ፓልምም ይሁን ኑግ ወይም ሰሊጥ፣ ከተክል የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ጽሑፉ አንዱን ዘይት ከሌላው ለመለየት ምን ይጠቅማል? ምንም። ደማችን ውስጥ ያለውን መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ሐኪሞች ሳቹሬትድ ፋት የሚሉት፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የስብ ዓይነት ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እሱ ነው።

በቤት ሒሳብ እናስላው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ይጨርሳል እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል። በክብደት ወደ 30 ግራም ነው። ዘይቱ ፓልም ከሆነ 15 ግራሙ የሚረጋ ስብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ደግሞ ይህ ስብ ከዕለቱ ካሎሪ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ማለት ነው። ሥጋው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ ገና ሳይቆጠር ከድርሻው ሁለት ሦስተኛው በዘይት ብቻ አለቀ። ያው 30 ግራም የኑግ ዘይት ቢሆን የሚረጋው 5 ግራም ገደማ ነበር። ንጥር ቅቤ ቢሆን 18 ግራም አካባቢ።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። «የዘር ዘይት መርዝ ነው፤ ወደ ቅቤ ተመለሱ» የሚሉ ቪዲዮዎች ቲክቶክ ላይ ሞልተዋል። የዘር ዘይት የሚሉት እንደ ኑግና ሱፍ ካሉ ፍሬዎች የተጨመቀውን ነው። አንዲት ጓደኛዬ ይህን አይታ ገና ያልተከፈተ የኑግ ዘይቷን ለጎረቤት ሰጠች። ወሬው የተነሣው አሜሪካ ነው። እዚያ የዘር ዘይት በብዛት የሚበላው በፋብሪካ ምግብና በፈጣን ምግብ ቤቶች ጥብስ ውስጥ ነው። ከዘይቱ ጋር ስኳሩም፣ ጨውም፣ የተፈተገ ዱቄቱም አብሮ ይገባል። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል። አሁን የተወቀጠው ራሱ ኑጉ ነው። ጥናቱ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 የቆዩ ጥናቶችን ሰብስቦ ገምግሞ ነበር። የሚረጋውን ስብ በፈሳሽ የአትክልት ዘይት የተኩ ሰዎች ላይ የልብና የደም ሥር ሕመም በ30 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል።

ስለዚህ ለየቀኑ ወጥ የእኔ ምርጫ ኑግ ነው። ካልተገኘ የሱፍ ዘይት። ኑግ የራሳችን ተክል ነው፤ መነሻው ኢትዮጵያ ነው። ከዘይቱ 70 በመቶ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ስብ ነው። ሰውነታችን ይህን ስብ ራሱ መሥራት ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። ሐምሌም ቢሆን ጠርሙሱ ውስጥ አይረጋም።

ችግሩ እምነት ላይ ነው። «ንጹሕ ኑግ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኑግ አይደለም። ሌላ ዘይት ይቀላቀልበታል። እኔ የምጠቀምበት ቀላል መለኪያ አለ። 1 ሊትር ዘይት ለማውጣት ወደ 3 ኪሎ የኑግ ፍሬ ይፈልጋል። ገበያ ሄዳችሁ የ3 ኪሎ ኑግ ዋጋ ጠይቁ። ጨማቂው ፋጉሎውን ለከብት መኖ ስለሚሸጥ ትንሽ ሊቀንስላችሁ ይችላል። ዘይቱ ግን ከፍሬው በጣም ከረከሰ የሆነ ነገር ገብቶበታል። ከተቻለ ሲጨመቅ ማየት ከምትችሉበት ቤት ግዙ። መቼ እንደተጨመቀም ጠይቁ። ኑግ ብርሃንና ሙቀት ቶሎ ያበላሹታል። ሱቅ ደጃፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታውን ጠርሙስ አትውሰዱ። ጥቂት ጥቂት እየገዙ ጨለም ያለ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። ሽታው ከከረፋ ይደፋ።

ለመጥበሻ ግን ኑግ አይመከርም። በኃይለኛ እሳት ደጋግሞ ሲጋል ቶሎ ይበላሻል። እዚህ ላይ ፓልም የተሻለ ይቋቋማል፤ የችፕስና የቦምቦሊኖ ነጋዴዎች የሚወዱት በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ግን የትኛውም ዘይት ጠቁሮ፣ አረፋ እያወጣ፣ በነጋታው አዲስ ዘይት ተጨምሮበት ሊቀጥል አይገባም። ረመዳን ላይ ሳምቡሳ፣ ጾም ላይ ድንች ጥብስ በየቀኑ የሚጠበስበት ቤት ይህን ልብ ይበል።

ቅቤን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ዶሮ ወጥ ላይ ሲወርድ የሚሰጠውን ሽታ የትኛውም ዘይት አይሰጥም። ግን ቀድሞ በስንት ቤት ነበር ቅቤ የየቀኑ? የበዓል፣ የአራስ ቤት፣ የእንግዳ ነበር። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55 ቀን ዓቢይ ጾም፣ ሌሎችም አጽዋማት አሉ። ለጿሚው ቅቤ ከዓመቱ ግማሽ ለሚሆነው ጊዜ አይቀመስም። ቅቤ በዚያው በበዓል ቦታው ይብቃው። የወይራ ዘይት አቅሙ ላለው በጣም ጥሩ ነው፤ እኔ ግን አንድ ቤተሰብ ለእሱ ብሎ ከምስሩና ከጎመኑ ሲቀንስ ማየት አልፈልግም።

ከዚህ በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ኑግ አሜሪካ ሄዶ ለጓሮ ወፎች መኖ ይሸጣል። እኛ ደግሞ ፓልም ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በዶላር እንገዛለን። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል የዓለም ገበያ ተናግቶ ነበር። ክልከላው የቆየው አንድ ወር እንኳ አይሞላም። ግን የምንበላው በማን እጅ እንዳለ አሳይቶናል። ለዘይት ድጎማ የሚወጣ ገንዘብ ካለ ለኑግ ገበሬውና ለአገር ውስጥ ጨማቂው መድረስ አለበት ባይ ነኝ። ኑግ ርካሽ ካልሆነ ይህ ሁሉ ምክር ለብዙ ቤት ወሬ ብቻ ነው።

መጠኑስ? ከባዱ እሱ ነው። እኛ ጋ ዘይት የክብር ነገር ነው። ሽሮው ላይ ዘይቱ ካልተንሳፈፈ «እንግዳ ይታዘበኛል» ትላለች እናቴ። ባለፈው ዓርብ ምስር ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ቁሌቱን በደረቁ ጀመረችው። ሽንኩርቱ ድስቱን ሲይዝባት ጠብታ ውኃ እያደረገች አማሰለችው። በርበሬው ገብቶ ከተቁላላ በኋላ ጀሪካኑን አነሣች፤ እንደ ልማዷ ልታንቆረቁር። የሾርባ ማንኪያ አቀበልኳት። ለስድስት ሰው ስድስት ማንኪያ ለካች። ሰባተኛውን ልትጨምር አለችና እኔን አየችኝ። ተወችው።