ፍርሃት እንጂ ቸልተኝነት አይደለም
እዚህ የወጣው ጽሑፍ «ወላጆች የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚያቋርጡት በቸልተኝነት ነው» ማለቱ አልተዋጠልኝም። እኔ ያቋረጥኩት ፈርቼ ነው። ልጄ ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ስትጀምር 6 ዓመቷ ነበር። ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ስትሮጥ የምትውል ልጅ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ስትነቃ ደግሞ ነጭናጫ፣ ታናሿን የምትማታ ሆነች። ክኒኑን ሲሰጡኝ እንዲህ ሊያደርጋት ይችላል ያለኝ ሰው የለም። ለማንም ሳልናገር አቆምኩት። በሦስተኛው ሌሊት መንቀጥቀጡ አልቆም አላት፤ በባጃጅ ይዣት በረርኩ። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ይሯሯጥ ነበር (ይሄ ምንም አይጠቅምም፤ በጎን ማስተኛት፣ አፏ ውስጥም ምንም አለመክተት ነው)። ድንገት ማቆም ራሱ ከባድ መንቀጥቀጥ እንደሚያመጣ ያኔ ነው ሐኪሙ የነገረኝ። መጠኑ በኪሎዋ ተሰልቶ ይስተካከላል፤ ካልተስማማትም ቀስ በቀስ ወደ ሌላ መድኃኒት ይቀየራል። ለእሷ መጠኑን ማስተካከሉ በቃ፣ እንቅልፉም ቀለላት። ከላይ በአስተያየትሽ «ልጄን ስላፈዘዘው ልተወው ነው» ያልሽው እህቴ፣ እባክሽ ክኒኑን እየሰጠሽው ሐኪሙን ጠይቂ። የሚተኛበትን ሰዓት፣ የሚነጫነጭበትን ቀን ሳይቀር ጽፈሽ ሂጂ።