ይድረስ ለክቡር አቶ ቦርጭ፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ክብደት በስተቀር ደህና ነኝ።

በቅድሚያ ምስጋና ይገባዎታል። እርስዎ ከመጡ ወዲህ ክብሬ ጨምሯል። ሰፈር ስገባ «ተመችቶሃል!» የማይለኝ የለም። እጅና እግሬ እንደ ድሮው ቀጫጭን ናቸው። ሸሚዜ ግን አራተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ አፉን ይከፍታል። አክስቴ ይቺን ክፍተት አይታ «ተመስገን፣ ሰው መሰልክ» አለች።

ሰው እርስዎን ዝም ብለው የተቀመጡ ይመስለዋል። እርስዎ እቴ! በጣት ቆንጠጥ የሚደረገው የቆዳ ሥር ስብ ከእርስዎ ጋር ሲተያይ የዋህ ነው። እርስዎ ከውስጥ፣ አንጀቴን ከበው ነው የተቀመጡት። የበሬ ቢሆኑ ሞራ ገላጭ ዘርግቶ መጪውን ዘመን ያነብብዎት ነበር። የእኔን ዘመን ሐኪሙ በልብስ ሰፊ ሜትር ያነባል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን የቦርጭ መነሻ የወገብ ዙሪያ ለአውሮፓ ወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ ወሰነ። ለእኛም የራሳችን ጥናት እስኪሟላ በዚሁ እንለካ አለ። ቦርጫችንም በውሰት መለኪያ!

አሁን ወደ ደሜ ጉዳይ ልምጣ። ደም መርጋቱ ደግ ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ብቆርጥ፣ ካልረጋ አለቀልኝ። ቁስሉ ሲሽር ደግሞ ሰውነት የረጋውን የሚያሟሟበት መላ አለው። እርስዎ ግን ፓይ-1 የሚባል ፕሮቲን እያመረቱ ይልካሉ። እሱ አሟሚውን ጠፍንጎ ሥራ ያስፈታዋል። ይህም አልበቃዎትም። በሚለቁት የብግነት (የሰውነት መቆጣት) መልእክት ጉበቴን እየቀሰቀሱ ፋይብሪኖጅን ያስመርታሉ፤ ደም የሚረጋበት ክር የሚፈተለው ከእሱ ነው። ማርጊያውን አብዝቶ ማሟሟያውን ማሰር! እንዲህ የረጋ ደም የልብን ደም ሥር ቢዘጋ ልብ ድካም አይደለም፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው። አንጎል ላይ ቢሆን ስትሮክ። ከእግር ተነቅሎ ቢሄድ ማረፊያው ሳንባ ነው።

ጉበቴንም አልማሩትም። ስብዎን በአቋራጭ የደም ሥር ያፈሱበታል። ስኳር አውራጁ ኢንሱሊን ቢጮህ የሚሰማው ያጣል። ስኳር ይወጣል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚሉት የደም ስብ ይወጣል፣ የሚወርደው ጥሩው ኮሌስትሮል ብቻ ነው። ማርሴይ የነበረው ሐኪም ዣን ቫግ እኮ በ1947 እ.ኤ.አ. ነገሩ የስቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታም ነው ብሎ ነበር። ማን ሰማው? ጥብስ እየበላን ነበር።

በጾም ይመነምናሉ ብዬም ጠብቄ ነበር። ማታ ማታ በፓስታ፣ በሳምቡሳና በለስላሳ ስቀልብዎት የት ይሄዳሉ! ሲት አፕ ብሠራም እርስዎን ለይቶ አይነካም አሉ። ፈጣን እርምጃና ቀነስ ያለ ስኳርና መጠጥ ግን አይወዱም ሲባል ሰምቻለሁ። ክብደት ሲቀንስ ያ ፓይ-1 የሚሉት ተላላኪዎም ይቀንሳል።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። እርስዎም አብረው ይወርዳሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጉበት (ለመረጃ ያህል)
ለቀበቶ (አዲስ ቀዳዳ እንዳይበሳ)
ለሰፈሩ ሥጋ ቤት (በዱቤ እንዳይሰጠኝ)